የአባ ተመን የመጨረሻ ቁጥር

አባ ተመን ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ጫማቸውን እንዳጠለቁ፣ በጠባቧ ክፍላቸው ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀው ተገኙ። ግንባራቸው ከብረት ምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ደሙ ደርቋል። እግራቸው አጠገብ ባለሦስት እግር መቀመጫ ተገልብጧል። የኮታቸው የጀርባ ስፌት ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተተርትሯል፤ ከኋላ ጨምድዶ የሚጎትት እጅ ከሌለ ደግሞ ኮት እንዲያ አይተረተርም። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ በሁለት ምስማር ሁለት የእንጨት ቁጥሮች ተሰቅለዋል፤ አራት እና ሁለት።

«አርባ ሁለት» አለ ወጣቱ የጣቢያ አዛዥ። «ትናንት ማታ ሬዲዮ የተናገረው ተመን ነው። አንድ ጀልባ በአርባ ሁለት ቅጠል።»

በዚያች የድንበር ከተማ ገንዘብን በመንግሥት ስሙ የሚጠራ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ኖት ላይ ጀልባ፣ የወዲህኛው ላይ ቅጠል ተስሏልና ሰዉ «ጀልባ» እና «ቅጠል» ብሎ ይገበያያል። ሁለቱም ትንንሽ አገሮች ናቸው፤ ገንዘባቸውን ከእነሱ ሌላ የሚፈልገው የለም። ቢሆንም አንዱ በሌላው ስንት እንደሚመነዘር ሳይጠይቅ የሚውል የከተማዋ ሰው አይገኝም።

አዛዡ የሚያስረዳው ከዋናው መሥሪያ ቤት ለተላከው ኢንስፔክተር ነበር። ባልደረቦቹ በሌለበት «ቀስ በቀስ» ይሉታል። አረማመዱ ቀስ ያለ፣ አጠያየቁም ቀስ ያለ ነው። «የእሱ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ወንጀለኛው በእርጅና ይሞታል» እያሉ ይሳሳቁበታል። እሱም ያውቃል፣ አይቀየምም። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረውም። ቤት ሲገባ «ምነው አመሸህ?» የሚለው ከሌለ፣ ሰው ለማን ብሎ ይሮጣል?

«ማን አገኛቸው?» አለ ክፍሉን በዐይኑ እየዞረ።

«የማዶዋ። በቤት ክስ ከወንዙ ማዶ የመጣችው፣ የፀጉር አስተካካዩ እህት። ጠዋት ልትጠይቃቸው መጥታ ጮኸች። ጩኸቱን ሰምታ ደግሞ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሮጣ ደረሰች» አለ አዛዡ። «እኔ ግን ነገሩን ጨርሼዋለሁ። ተመን የሚነገረው ከማታው ዜና ጋር ነው። ሽማግሌው ደግሞ ሰቅለውታል። ስለዚህ ዜናው ሲነገር በሕይወት ነበሩ። ከዜናው በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ከታመመ ጎረቤቱ ዘንድ ከሰዎች ጋር አድሯል። እህቱ ዜናውን ካረፈችበት ፔንሲዮን እንግዶች ጋር ስትሰማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የግቢው በር ይቆለፋል። ከግድግዳው ወዲያ ብቻዋን የነበረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ያውም ጠዋት ላይ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ከዜናው በፊትስ? ሁሉም የት ነበሩ?»

«ምን ያደርጋል? ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ እኮ!»

ኢንስፔክተሩ ክፍሉን መመርመር ቀጠለ። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ያልተቆረሰ ዳቦ አለ። መደርደሪያው ላይ የቀሩት ቁጥሮች በካርቶን ሣጥን ተቀምጠዋል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ያቺው የተገለበጠች መቀመጫ። የእንግዳ መቀመጫ እንኳ የለም።

«ሬዲዮ የላቸውም» አለ።

«የልብስ ሰፊዋን በግድግዳው ይሰማሉ። ግድግዳው ስስ ነው» አለ አዛዡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ልብስ ሰፊዋን ከያዘ የሚለቅ አይመስልም ነበር።

ኢንስፔክተሩ በጉልበቱ ተንበርክኮ አልጋው ሥር አጎነበሰ። ከግድግዳው ጥግ አንድ የእንጨት ቁጥር አወጣ። ሰባት ነው። ዙሪያው ያለው ወለል አቧራ ለብሷል፤ ቁጥሩ ግን እንደ መስታወት ያበራል። በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

አባ ተመን ዕድሜያቸውን የፈጁት በመንግሥት ምንዛሪ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ላይ የዕለቱን ተመን የሚሰቅሉት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ አሮጌዎቹን ቁጥሮች ለምነው ወሰዱና በክፍላቸው መስቀል ቀጠሉ። ሚስት አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም። «ልጄ በተወለደ ቀን ጀልባ ስንት ነበር?» የሚላቸው ሲመጣ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው ይነግሩታል፤ ሲነግሩ ስተው አያውቁም። ሰውየውም አመስግኖ ይሄዳል። «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብሎ የሚቀመጥ ግን አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ልብስ ሰፊዋን በራሷ ክፍል፣ አንድ ፖሊስ በር ላይ ቆሞባት አገኛት። ጎልማሳ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ትናንት ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«በዚህች» አለች መኪናዋን መታ አድርጋ። «‹ቀኑን ሙሉ ታንኳኪያለሽ፣ ጭንቅላቴን በላሽው› አሉኝ። እኔም ‹ጆሮዎትን ይድፈኑ› አልኳቸው። ሁልጊዜ እንጨቃጨቃለን፣ ጋሼ። እሳቸው ሌላ ማንን ይቆጣሉ? እኔስ ማን ይቆጣኛል?»

«ማታ አላየሻቸውም?»

«አላየኋቸውም። ሥራ ላደርስ ወጥቼ ዜናው ሊጀምር ሲል ተመለስኩ። መብራታቸው ጠፍቷል። አኩርፈው ተኙ አልኩና እኔም አኩርፌ ተኛሁ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሄጄ ባንኳኳ ምን ነበረበት?»

«ሁልጊዜ ማታ ምን ያደርጋሉ?»

«ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይወጣሉ። ‹እግሬን ላፍታታ› ነው የሚሉት። ከዚያ ይመለሱና ቁጥራቸውን ይሰቅላሉ። ከዚያ ኮታቸውን ያወልቃሉ፣ ዳቧቸውን ይበላሉ። ቁጥሩ ሳይሰቀል ኮት አይወልቅም፤ ሥራ ላይ ናቸዋ!»

ኢንስፔክተሩ ሊወጣ ሲል እጅጌውን ያዘችው። «ጋሼ፣ አዛዡ ወደ ወህኒ ሊልከኝ ነው። እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም። እስር ቤት ብገባ ስንቅ የሚያመላልስልኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

ኢንስፔክተሩ እጅጌውን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። እሱም ቢታሰር ስንቅ የሚያቀብለውን ሰው ሲያስብ አንድ እንኳ አልመጣለትም።

ፀጉር አስተካካዩ ቤቱ ነበር። ሰፊ፣ ጥሩ ቤት ነው፤ እህትና ወንድም ፍርድ ቤት የተካሰሱበትም ይኸው ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ የታሰሩ ካርቶኖች ተደራርበዋል፤ ከአንዱ የማሰሮ አንገት ብቅ ብሏል።

«ምነው፣ ልትለቅ ነው?»

«ግድግዳ ላስቀባ ነው» አለ ሰውየው ዐይኑን ሰብሮ። የቀለም ሽታ ግን የለም፣ ቆርቆሮም አይታይም።

የክሱ ነገር እንዲህ ነበር። አባታቸው ቤቱን ሲሠሩ ልጅየው ቅጠል አዋጣ። እህቱ ደግሞ ማዶ ሆና በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ጀልባ ላከች። አባትየው ሲሞቱ «እንደ መዋጯችሁ ተካፈሉ» ብለው ተናዘዙ። እንግዲህ የእሷ ጀልባ በዚያ ዓመት ስንት ቅጠል ነበር? የምንዛሪ ቤቱ መዝገብ በእሳት አልቋል፤ ዳኛው አባ ተመንን ለምስክርነት ጠሩ። ሊመሰክሩ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነበር።

«ጀልባ ረክሶ ከነበረ ብዙ ያዋጣሁት እኔ ነኝ፣ ቤቱ የእኔ ነው፤ ተወዶ ከነበረ የእሷ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ምስክር ከጠፋ ደግሞ ዳኛው እኩል ያካፍሉናል።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«የት እሄዳለሁ? ሱቄ ውስጥ ነዋ! የገበያ ቀን አልነበር? ዜና እስኪያልቅ ቀና አላልኩም። ግማሽ ከተማውን ላጭቻለሁ።»

«ከእህትህ ጋር ትነጋገራላችሁ?»

«በጠበቃ» አለ ሰውየው።

እህቲቱ ፔንሲዮን ውስጥ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣዋን አልከፈተችውም። እጇ በሳሙና ብዛት የተላጠ ነው፤ ዕድሜዋን የማዶ ሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ኖራለች።

«ጠዋት ምን ልትጠይቋቸው ሄዱ፣ እህቴ?»

«ያው የክሱን ነገር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገባሁ፣ አየሁ፣ ጮህኩ።»

«ያን ዓመት ጀልባ ስንት እንደነበር የሚናገሩ ይመስልዎ ነበር?»

«ምን ይጠየቃል?» አለች በምሬት። «የመንግሥት ሰው መንግሥት ያለውን ነው የሚናገረው። ስንት ዓመት ከመንግሥት መስኮት ኋላ ተቀምጠው! ወንድሜ ገና ድሮ ነው ተፈረደልኝ ብሎ የተደሰተው።»

«ትናንት ከዜናው በፊት የት ነበሩ?»

«ስዞር። የማውቀው ሰው የለኝም፤ ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ እንደ እንግዳ ስዞር።»

ኢንስፔክተሩ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከአባ ተመን ደጃፍ ተነስቶ፣ በሽማግሌ እርምጃ፣ እሳቸው እግራቸውን በሚያፍታቱበት መንገድ ሄደ። እርምጃው ለእሱ አልከበደውም። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ከድልድዩ ያደርሳል። ከድልድዩ አፍ ላይ በጃንጥላ ሥር ገንዘብ የሚመነዝሩ ሴቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያዋን ጠየቃት።

«አባ ተመን? ውይ የኔ ጌታ!» አለች ሴትየዋ ደረቷን እየመታች። «ቀርተው አያውቁም እኮ። ማታ ማታ ይመጣሉ፣ ‹ዛሬ ስንት ዋላችሁ?› ይላሉ፣ እነግራቸዋለሁ፣ ባርኔጣቸውን ነቅነቅ አድርገው ይመለሳሉ። አንድ ጀልባ መንዝረው አያውቁም።»

«ትናንትስ?»

«መጥተዋል። ሃምሳ ሰባት አልኳቸው።»

«ሬዲዮ አርባ ሁለት ነው ያለው።»

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች። «በሬዲዮው ዋጋ የሚሸጥልኝ ካለ አምጡልኝ፣ ሁሉን ልግዛው! አባ ተመን ራሳቸው ምን ይሉ ነበር መሰልዎ? ‹ደመወዝ እየበላሁ የሬዲዮውን ስሰቅል ኖርኩ፤ በጡረታዬ እንኳ እውነቱን ልስቀል›።»

ኢንስፔክተሩ ድልድዩን ተደግፎ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። እውነቱን የሚሰቅሉበት ግድግዳ ከራሳቸው በቀር የሚያየው አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ በየዕለቱ እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። አዘነላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉንም ወደ ሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው። ልብስ ሰፊዋ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆማለች። ፀጉር አስተካካዩና እህቱ በተቃራኒ ግድግዳ ተለያይተው ቆሙ። አዛዡ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ ኢንስፔክተሩ። «አባ ተመን በየማታው የሚሰቅሉትን ቁጥር ከየት ነበር የሚያመጡት?»

«ከሬዲዮ!» አለ አዛዡ።

«እኔ የማውቀው የወገብና የደረት ቁጥር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከሬዲዮ ነዋ» አለች እህቲቱ። «ሌላ ከየት?»

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ነቀነቀ። «ከድልድዩ ነው። ፀጉራቸውን የማስተካክላቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ወሬ የላቸውም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሬዲዮውን ቁጥር እዚህ ቤት አስገብተው አያውቁም።»

«የድልድይ መንዛሪዎችም የነገሩኝ ይህንኑ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። አባ ተመን ከትናንት በስቲያ ማታ ድልድዩ ላይ ሃምሳ ሰባት መሆኑን ሰምተው ተመለሱ። ሊሰቅሉ የነበረው ሃምሳ ሰባት ነው። ግድግዳው ግን አርባ ሁለት ይላል። ስለዚህ ይህን ቁጥር የሰቀሉት እሳቸው አይደሉም።»

አዛዡ አንገቱን አስግጎ ወደ ምስማሮቹ አየ።

«ቁጥሩ የሌላ ሰው ከሆነ፣ ከዜናው በኋላ በሕይወት ነበሩ የሚያሰኘን ነገር የለም። ታዲያ መቼ ሞቱ? ኮታቸውን አላወለቁም፣ ዳቧቸውን አልቆረሱም፣ መብራት አላበሩም። ከድልድዩ እንደተመለሱ፣ ገና ብርሃን ሳለ ነው። መቀመጫው ላይ ቆመው፣ ሣጥኑን ታቅፈው ሊሰቅሉ ሲሉ አንድ ሰው ከኋላ ጎተታቸው። ሲወድቁ ሣጥኑም አብሮ ወደቀና ቁጥሮቹ ተበተኑ።» መሐረቡን ፈታ። «ይህችን ሰባት ከአልጋው ሥር ነው ያገኘኋት። የቀሩት ግን ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ ሣጥኑም መደርደሪያው ላይ። የሞተ ሰው የተበተነ አይለቅምም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? የለቀመው ሰውም ቸኩሏል፤ አንዷን አልጋው ሥር ረሳት።»

«ልብስ ሰፊዋ ልትለቅመው ትችላለች!» አለ አዛዡ።

«አመሻሹ ላይ የት ነበርሽ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

ልብስ ሰፊዋ አዛዡን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «ቀሚስ ስለካ። እ… ለእሳቸው ባለቤት። እቤታቸው።»

«ለማን ባለቤት?» አለ አዛዡ።

«ለእርስዎ፣ ጌታዬ። ዜናው ሊጀምር ሲል ነው የለቀቁኝ። ሁለት ጊዜ አስፈቱኝ፤ ‹ወገቤ ላይ ይጠበኛል› እያሉ።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አዛዡ ሚስቱን አንድ ቃል ቢጠይቅ ኖሮ ሴትየዋ አትታሰርም ነበር። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ውስጥ በሰው ተከቦ ነበር፤ አጣርቻለሁ» ሲል ቀጠለ ኢንስፔክተሩ። «ደግሞም አባ ተመን የድልድዩን እንደሚሰቅሉ ያውቃል። እሱ ቢሆን ሃምሳ ሰባት ይሰቅል ነበር። አርባ ሁለትን የሰቀለው፣ ዜናውን የሰማና ሽማግሌው የሬዲዮ ሰው ናቸው ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው ነው። ጠዋት ደግሞ ሌላው ሳይደርስ ከሬሳው ጋር ብቻውን የቆየ ሰው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ የፔንሲዮኑ ባለቤት ነግራኛለች። ዜናው ሊጀምር ሲል እየተንቀጠቀጡ ገብተው ሻይ እንኳ አልጠጡም። ሬዲዮው አርባ ሁለት ሲል ሰሙ። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያ መሆንዎን አይቷል፤ ሽማግሌው ከዜናው በኋላ የሞቱ ከመሰለ እርስዎን የሚጠረጥር የለም። ጠዋት መጥተው ቁጥሮቹን ለቀሙ፣ አርባ ሁለትን ሰቀሉ፣ ከዚያ ጮሁ።»

የማዶዋ ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ልገድላቸው አልመጣሁም» አለች። «ምን እንደሚሉ ብቻ ንገሩኝ አልኳቸው። ‹ምስክር ለዳኛ እንጂ ለባለጉዳይ አይናገርም፤ ለወንድምሽም አልነገርኩም› አሉኝ። ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መቀመጫው ላይ ወጡ፣ ቁጥራቸውን ሊሰቅሉ። እኔ የለሁም ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጀርባ ሳይ ነው የኖርኩት። አሠሪ ጀርባውን ይሰጠኛል፣ አገሬ ስመጣ ወንድሜ ጀርባውን ይሰጠኛል። ዞር ብለው እንዲያዩኝ ነው የጎተትኳቸው። እንዲያዩኝ ብቻ።» ፊቷን በተላጠው እጇ ሸፈነች። «ቤቱን ለመሸጥ አልነበረም። የምገባበት ቤት ፈልጌ ነው።»

እጇን ከፊቷ አውርዳ ቀና አለች። «ምን ሊሉ ነበር? ያን ዓመት ስንት ነበር?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረ። «ትናንት ካርቶኖቹን ሳይ ገብቶኝ ነበር። ግድግዳ የሚያስቀባ ሰው ማሰሮውን አይሸክፍም። ንገራት።»

ሰውየው ወደ እህቱ ዞረ። «በመንግሥት መስኮት ሁለት ነበር። ድልድዩ ላይ ስድስት። የላክሽውን ይዤ ድልድዩ ላይ የመነዘርኩት እኔ ነኝ፤ አባባ ልኮኝ። በስድስት። አባ ተመን ስድስት ነው የሚሉት። ሌላ ሊሉ አይችሉም። ዳኛው የጠሯቸው ዕለት ቤቱ ያንቺ መሆኑን አውቄ ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ።»

«ስድስት?» አለች እህቲቱ።

«ስድስት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠበቃዬ… አይ፣ በጠበቃ አላመካኝም። አፈርኩ። መጥተሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር እያልኩ ጠበቅኩ። አልመጣሽም።»

«በሩን ትዘጋብኛለህ ብዬ ነው» አለች።

አዛዡ ልብስ ሰፊዋን የያዟትን ፖሊሶች በእጁ ምልክት አሰናበተ፤ ይቅርታ ሊጠይቃትም ወደ እሷ ጠጋ አለ። እሷ ግን እሱን አላየችውም። አልጋው ላይ የተቀመጠውን የተተረተረ ኮት ነበር የምታየው።

«የሚቀበሩበትን እኔ ልስፋው» አለች ለኢንስፔክተሩ።

«ይሄ ኮት ለፍርድ ቤት ያስፈልጋል።»

«እንግዲያው አዲስ እሰፋላቸዋለሁ። ልካቸውን አውቀዋለሁ።»

ኢንስፔክተሩ እህቲቱን ደግፎ አስነሳት። የእጅ ሰንሰለቱን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ በእግራቸው ወጡ። ጥቂት እንደሄዱ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ሮጦ ደረሰ። ያን ያልተከፈተ ሻንጣ ከፔንሲዮኑ እንደሚያመጣላት፣ ስንቅ በየቀኑ እሱ ራሱ እንደሚያመላልስ እየተንተባተበ ነገራት። ክንዷን ሲይዛት አልነጠቀችውም።

ኢንስፔክተሩ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ቀረላቸው። መንገዱ ዳር ሱቋን የምትከፍት አንዲት ሴት ሁለቱን አይታ ፈገግ አለችና «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! ታረቃችሁ ማለት ነው?» ብላ ጮኸች። ሁለቱ ክንድ ለክንድ እንደተያያዙ ወደ ጣቢያው ታጠፉ።